የሐረርን ሙዚየሞች በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረስኩ ብዬ ጽፌ

ጥፋቱ የኔ ነው። ለሥራ ድሬዳዋ ሄደን ቅዳሜ ነጻ ስለነበርን ከባልደረቦቼ ጋር ሐረር ወጣን። ማታ ድሬ ተመልሼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ የኢንተርኔት መድረካችን ላይ አንድ ጽሑፍ ለጠፍኩ። ሐሳቡ ይኸው ነበር፦ የሐረር ሙዚየሞች ሁሉም ተደምረው በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃሉ። የድሮ ሳንቲም፣ የድሮ ጎራዴ፣ የድሮ ፎቶ። ማታ ሰው በእጁ የሚያበላው ጅብ ባይኖር ማን እዚያ ድረስ ይሄዳል? መጨረሻ ላይ ጥያቄ አከልኩበት። ትንሽ ከተማ ስትሄዱ ሙዚየም የምትገቡት ከልባችሁ ነው ወይስ ገባሁ ለማለት?

ጠዋት ስነሳ 11 መልስ ጠበቀኝ። በሳምንቱ 29 ደረሰ። ዘግይተው የመጡ ሰዎች ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) ረዘመብን፣ ጨምቀህ ንገረን ስላሉኝ ይኸው በራሴ አፍ እነግራችኋለሁ። ቁጥሮቹ መልሶቹ እንደመጡበት ተራ ናቸው። ስዕል ብቻ የላኩትን ዘልያለሁ።

መልስ 1፦ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። እዚህ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እንኳን በሰላም ተመለስክ ብለው ጀመሩና በየትኛው በር እንደገባሁ ጠየቁኝ። አላወቅሁም። እኔ የገባሁት በባጃጅ ነው። እሳቸው አምስቱን የጥንት በሮች በስም ቆጠሩልኝ፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት የሚነገረውን ጨመሩ። የታጠረው መሬት 48 ሄክታር ብቻ ነው፤ ከተማዋ ግን 82 መስጊድ ይቆጠርላታል። ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. የመዘገበው አንድ ቤት ሳይሆን በግንብ የታጠረውን አሮጌ ከተማ፣ ጀጎልን፣ እንዳለ ነው። በሳቸው ሒሳብ እኔ በሩን ባለፍኩበት ደቂቃ ሙዚየም ገብቻለሁ። ትኬት የሚቆርጥ ሰው ስላልቆመ ብቻ አልነቃሁም።

መልስ 2 እና 3 ለጅቡ ጠበቃ ቆሙ። አንደኛው ግንቡ ሥር ለጅብ መግቢያ ተብለው የተተዉ ቀዳዳዎች እንዳሉ አስታወሰ። ሌላዋ በአሹራ ቀን ለጅቦቹ ቅቤ የገባበት ገንፎ እንደሚቀርብላቸው ነገረችን። ስለዚህ ጅቡን ከታሪኩ ነጥሎ ማየት አይቻልም ባይ ናት። እውነቷን ነው፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን ለመቀበል ዝግጁ አልነበርኩም።

መልስ 4፦ የሐረር ልጅ ነኝ ያለ ሰው ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ያየኋቸውን ቤቶች በስም እንድጠራ አዘዘኝ።

መልስ 5 የኔ ነው። ጠራሁ። የራምቦ ቤት፣ የሸሪፍ ሙዚየም፣ ከዚያ የአደሬ ቤት ናሙና የሚታይበትን በጨረፍታ።

መልስ 6፦ ያው የሐረር ልጅ ተመለሰ። የራምቦ ቤት የምትለው የራምቦ አይደለም አለኝ። በደንብ አብራራው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1880 መጨረሻ ነው። የመጣው ለግጥም ሳይሆን ለንግድ ቤት ተቀጥሮ፣ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። በ1891 እግሩ ታሞ በቃሬዛ ወደ ባሕሩ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ውስጥ በ37 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ግን አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየው ያልኖረበት ቤት በር ላይ ቆሜ ፎቶ ተነስቼ ነበር። ያን ፎቶ ከመነሻ ጽሑፌ ላይ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር፤ መልስ 8 ላይ ተጋለጥኩ።

በነገራችን ላይ አብሮኝ የነበረ ወጣት ባልደረባዬ ራምቦ ሲባል ደረቱን የገለጠ ጡንቸኛ ወታደር ነበር የጠበቀው። ኮሌታ ያለው ከሲታ ነጋዴ ፎቶ ሲያይ የተሰማውን ቅሬታ እስካሁን አልረሳሁትም።

መልስ 7፦ ፈረንሳይኛ የምታስተምር ሴት ናት። የሐረሩን ልጅ አልተቃወመችም፤ ግን ቤቱን አትናቁት አለች። ጣሪያው በስዕል ያጌጠ ነው፣ መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስታወት ናቸው፣ ከላይ ሆኖ ከተማውን ማየት ብቻውን መንገዱን ያስረሳል። ራምቦ ካሜራ ከአገሩ አስልኮ በ1883 ሐረር ውስጥ ራሱን ፎቶ እንዳነሳም ነገረችን። የሷ ክርክር ለኔ አዲስ ነበር። ቤቱ ስሙን በስህተት ባያገኝ ኖሮ ይሄኔ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበት ነበር። የውሸት ስም እውነተኛ ቤት አተረፈ ማለት ነው።

መልስ 8 ስለተሰወረው ፎቶ ነው። እናልፈዋለን።

መልስ 9 ከሁሉም ያሳቀኝ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1855 ጥር ላይ ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ተቀመጠና ስለ ጉዞው መጽሐፍ ጻፈ። እኔ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቼ አንድ አንቀጽ ብቻ መጻፌ፣ በዚህ ሰው ግምት፣ ከእንግሊዙ የተሻለ ትሕትና ነው። ምስጋና ይሁን ስድብ አልለየሁትም።

መልስ 10፦ ቶሮንቶ የምትኖር የሐረር ልጅ ረጅም ጽሑፍ ላከች። በኔ እይታ የክሩ ልብ ይሄ ነው። የሸሪፍ ሙዚየምን መደርደሪያ ብቻ አይቶ የወጣ ሰው ምንም አላየም ትላለች። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ልጅ ሳሉ የራሳቸውን ከተማ ታሪክ በትምህርት ቤት አልተማሩም። ከደርግ መውደቅ አካባቢ ጀምረው ከየቤቱ የተረሳውን ዕቃ መሰብሰብ ያዙ። መጀመሪያ መኖሪያ ቤታቸውን ሙዚየም አደረጉት። በአውሮፓ 2007 ደግሞ ስብስቡ ዛሬ ወዳለበት፣ የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው የእንጨት ቤት ገባ። ከሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎች አሉ፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ቁርኣን ናቸው። ጌጣጌጥ፣ ጎራዴ፣ ሳንቲም፣ የድሮ ዘፈን የተቀረጸባቸው ቴፖች አሉ። በሐረር ሊጠፋ የደረሰውን የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያም ተምረው አሮጌ መጻሕፍትን ይጠግናሉ።

ከዚያ የራሷን አወራች። አክስቷ ከአገር ሲወጡ በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ ቤት ውስጥ ትተው ነበር። ማንም ማንበብ አይችልም፤ መጣልም ነውር ነው። ዘመድ ወስዶ ለሙዚየሙ ሰጠው። ከዓመታት በኋላ እሷ ቶሮንቶ ተወልደው ያደጉ ልጆቿን ይዛ ገባች። ልጆቹ መደርደሪያውን በአምስት ደቂቃ ጨረሱ፤ ልክ እንደኔ። አስጎብኚው ያንን ጥራዝ አውጥቶ ከየት ቤት እንደመጣ ሲነግራቸው ግን ታናሽየው የአያቱን ቤት አሁኑኑ ካላሳየሽኝ ብሎ አለቀሰ።

እዚህ ላይ ሽንፈቴን ማመን ነበረብኝ። እኛ አስጎብኚ አልያዝንም። ገንዘብ ቆጥበን ነው።

መልስ 12 ጠቡን ጀመረ። ይህን ያህል ቅርስ በአንድ ግለሰብ ጥረት ላይ መንጠልጠሉ አሳሳቢ ነው፤ እሳት አለ፣ ሌባ አለ፤ ሁሉም ተሰብስቦ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ይግባ አለ። መልስ 13 የሐረሩ ልጅ ነው፤ እንደ ሚጥሚጣ ተንጨረጨረ። የሐረርን ጥራዝ አዲስ አበባ ወስዶ መጋዘን ውስጥ መቆለል ቅርስ ማዳን ሳይሆን ከባለቤቱ መንጠቅ ነው ባይ ነው። መልስ 12ን የጻፈውን ሰው ሐረርን ረግጦ ያውቅ እንደሆነም ጠየቀው። አያውቅም ነበር።

መልስ 14፦ የሕግ ባለሙያ መሃል ገባ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዲሆን ይፈቅዳል አለ። ባለይዞታው ግን ማስመዝገብና በራሱ ወጪ መጠበቅ አለበት። አሳጥሮ አስረዳና ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው ይብዛልን።

መልስ 15 ላይ የሁሉም ድምፅ ዝቅ አለ። ደሴ የምታስተምር ሴት ናት። ተማሪዎቿን በየዓመቱ የደሴን ሙዚየም ታስጎበኝ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነቱ ስትያዝ ሙዚየሙ ተዘረፈ። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ይዛ ስትሄድ የምታሳያቸው ስላልነበራት የነበረውን በቃል ነገረቻቸው። እዚህ ጋር ይሄ ነበር፣ እዚያ ጋር ያ ነበር እያለች። እኔ በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረስኩት ብዬ ያማረርኩት ነገር እሷ ጋ የለም። መልስ 16 አይዞሽ ብቻ ነበር። ለትንሽ ሰዓት ማንም አልጻፈም።

መልስ 17፦ አዳማ የሚኖር ሰው ዝምታውን ሰበረው። አያቱ የሐረር ሰው ነበሩ። ከሳቸው የቀረ ትልቅ የብር ሳንቲም አለው፤ ደረቷ ሞላ ያለ ሴት ምስል አለበት፤ 1780 ይላል። ከ200 ዓመት በላይ የቆየ የሐረር አሚሮች ገንዘብ ነው ብሎ አምኗል። ለየትኛው ሙዚየም ልስጥ? ወይስ ልሽጠው? መልስ 18 እገዛለሁ ብሎ ስልክ ቁጥር ለጠፈ፤ አስተዳዳሪዋ ወዲያው አጠፋችው።

መልስ 19፦ አንዲት ተማሪ ዓመቶቹ ግራ አጋብተዋት ነበር። ሐረር በሄደችበት ጊዜ ማስታወሻዋ ላይ ስለ ጨለንቆ ጦርነት ሦስት ዓመት ጽፋለች፤ 1879፣ 1887፣ 1304። የትኛው ነው ስህተቱ?

መልስ 20፦ ጋሼ ይህን ሲያዩ ደስታቸው ከጽሑፋቸው ያስታውቃል። ሦስቱም ልክ ናቸው አሉ። ምኒልክ ሐረርን የያዙበት ያ ጦርነት በኛ 1879፣ በአውሮፓ 1887፣ በሒጅራ 1304 ነው። ሐረር ውስጥ አንድ ነገር ሦስት ልደት አለው። የኛ አቆጣጠር አለ፣ የጥራዞቹ ሒጅራ አለ፣ የፈረንጆቹ ፎቶና ደብዳቤ አለ። ስለዚህ ሙዚየም ገብቶ ዓመት ብቻ ማንበብ ዋጋ የለውም፤ በማን አቆጣጠር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው የሚያተርፈው። ለአዳማውም ሰው አከሉለት። የሐረር አሚሮች በእርግጥ የራሳቸውን ገንዘብ ያስመቱ ነበር፤ መሐለቅ ይባላል፤ ትንሽ ናት እንጂ እንዲህ ትልቅ አይደለችም። የሴት ምስል የለባትም፤ ያለባት የአረብኛ ጽሕፈት ነው። ያንተ ሌላ ነው አሉት፤ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ግን ስሙን አልነገሩትም። መምህር ሁሌም መምህር ነው።

መልስ 21 ሳይታሰብ እሳት አቀጣጠለ። ጸሐፊው በመሃል ግራኝ የሚል ስም ጣል አድርጎ አለፈ። መልስ 22 በቁጣ መጣ። ሐረር ውስጥ ሰውየው ኢማም አሕመድ ናቸው፤ በየትኛው እጃቸው እንደሚሠሩ እያነሱ መጥራት ንቀት ነው ብሎ ተቆጣ። መልስ 23 ከዚያ የባሰ ነበር፤ አሁን የለም፤ አስተዳዳሪዋ ሰርዛዋለች። ክሩን ያበረደችው የቶሮንቶዋ ናት። በመልስ 24 የኢማሙ ባለቤት የነበሩትን ባቲ ድል ወንበራን አነሳች። ባለቤታቸው በ1535 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ሐዘናቸውን ይዘው ሐረር ገቡ፤ በኋላም አሚር ኑርን አገቡ። ጋሼ በመልስ 1 ያነሱትን ግንብ ያሠሩት እኚሁ ኑር ናቸው። የምትከራከሩበት ሰው ስም ሁለት ቢሆንም ግንቡ አንድ ነው፣ በእግራችሁ ዙሩት ብላ ዘጋችው። እኔ በበኩሌ ይህ ስም በየቤቱ የተለያየ እንደሚሸተት አውቃለሁ። ግን ሰው አገር ስትሄድ የሰው አገር አጠራር መጠቀም ምን ይጎዳል?

ደግሞ አንድ ነገር ጨመረችልኝ፤ ለኔ በስሜ። የአደሬ ቤት ናሙናውን በጨረፍታ አየሁት ማለቴ ቆጭቷታል። ዋናው ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ መቀመጫዎች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ሴቶች ሙያ ነው። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ሴቶቹ እንደ ዕድር ያለ አፎቻ የሚባል ማኅበር አላቸው፤ ለቅሶም ሠርግም በሱ ነው። ጀጎል ውስጥ ቤታቸውን ለእንግዳ የሚያከራዩ ቤተሰቦች ስላሉ እዚያ አድሬ ጠዋት ቁጢ እየጠጣሁ እነዚህን ነገሮች እንድጠይቅ መከረችኝ። ቁጢ ምን እንደሆነ አራት ሰው ጠየቀ። የቡና ቅጠል ነው፤ እንደ ሻይ ይፈላል። የቀረው የዚያ ቀን ውይይት ወተት ይገባበታል አይገባበትም በሚል አለቀ።

መልስ 25፦ የሚጠበቀው ሰው መጣ። ቪየና የሚኖር ሐበሻ ነው፤ አሮጌ ሳንቲም ይሰበስባል። የአዳማው ሰው እጅ ያለው ማሪያ ቴሬዛ፣ አባቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት ነው አለ። 1780 ምስላቸው ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞቱበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ሳንቲሙ በየዘመኑ ሲመታ ዓመቱ አልተቀየረም። ቪየና ተመቷል፣ ለንደን ተመቷል፣ ቦምቤይ ተመቷል። ጣልያንም ሊወረን ሲዘጋጅ ሮም ላይ አስመትቷል። ሁሉም 1780 ይላል። ስለዚህ ሳንቲሙ ከአያቱ እንኳ ሊያንስ ይችላል። ነጋዴዎቻችን ዓመቱን ሳይሆን የሴትየዋን ጌጥ ነበር የሚያዩት፤ ዘጠኙ ነጠብጣቦች ጠፍተው ከሆነ አይቀበሉም። እውነተኛው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ይህን ሳነብ የራምቦ ቤት ትዝ አለኝ። ቤቱ በማያውቀው ሰው ስም ይጠራል፣ ሳንቲሙ ባልተመታበት ዓመት ይጠራል። እኔ ደግሞ ጽሑፉን አንብቤ፣ ዓመቱን አይቼ፣ ጨረስኩ ብዬ ወጥቻለሁ።

መልስ 26 እና 27 ወደ ተግባር ወረዱ። ከድሬ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አርብ በጁምዓ ሰዓትና በምሳ ሰዓት በር ላይ ቆሞ ከመቅረት አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። መልስ 27ን የጻፈው ሰው በሌላ ከተማ፣ ስሙን ባልጠቀሰው ሙዚየም፣ አንድ አስጎብኚ መግቢያ ላይም መውጫ ላይም ገንዘብ ስለተቀበለው እስካሁን ይበሳጫል። ከመግባትህ በፊት ዋጋውን ቁረጥ፣ ደረሰኝ ጠይቅ የሚል ምክር አለው። ጥሩ ምክር ነው።

መልስ 28፦ የጅማ ሰው ክሩን ወደ ቀዬው ሊጎትት ሞከረ። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ የንጉሡን ዕቃዎች የያዘውን ሙዚየም በአንድ ቀን ለማየት ማሰብ ሞኝነት ነው ይላል። ቅር ብሎታል፤ ሁሌ ሐረር ሐረር ትላላችሁ ባይ ነው። ጋሼ በሌላ ክር እንነጋገርበታለን ብለው ቃል ገቡለት።

መልስ 29፦ የአዳማው ሰው ነው። ሳንቲሙን ወርቅ ቤት ወስዶ አስመዝኖታል፤ 28 ግራም። ነጠብጣቦቹን በልጁ ስልክ አጉልቶ ቆጠረ፤ ዘጠኝ። ሐረር ወስዶ ለሙዚየሙ ሊሰጥ ወስኖ ለእናቱ ነገራቸው። እናቱ ሳንቲሙን ተቀብለው አዩትና ስለ 1780 የተባለውን ሁሉ ሰምተው ሳቁ። የአያቱ ጥሎሽ ነበር፤ ከየት ገበያ እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ ስንት ነበሩ፣ የቀሩት በምን እንደተሸጡ ሁሉንም ያውቃሉ። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲያወሩለት አመሹ። ሳንቲሙን ግን መሃረባቸው ውስጥ ቋጥረው ይዘውታል፤ አልሰጥም ብለዋል።